ከታጠበ በኋላ የተነካ ብረት

ቶሮንቶ፣ መጋቢት 28 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ለክፍሌ፤ ኮምቦልቻ

አንተንና ባለቤትህን ተሻለችን የሰማይ አምላክ ከነቤታችሁ በጤና ያቆይልኝ። እኔ እንዳለሁ አለሁ። ጉልበቴ እንደበፊቱ ነው፤ ብርዱም ገና አልለቀቀንም።

የላካችሁት ቅቤ ደርሶኛል። ያመጣው ሰው ብሉር መንገድ ላይ አንድ ምግብ ቤት አስቀምጦልኝ ሄዶ፣ በባቡርና በአውቶቡስ ቤቴ አደረስኩት። ተሻለች የነጠረውንና ለራስ የሚሆነውን ለጋውን ለየብቻ ስላደረገችው እጇ ይባረክ። ለፋሲካ አቆየዋለሁ።

ለምን አትደውይም ላልከው፣ ጆሮህን ለፋብሪካ መኪና ሰጥተህ አሁን በስልክ ጩኺልኝ ትለኛለህ። ደግሞም በሠላሳ ሦስት ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት ለጌጥ አይደለም። ልጻፍበት።

ልጅህ ኤደን "ብረት ላይ ነው የምንሠራው" ብላ የጻፈችልህ አልገባህም። ብየዳ አይደለም፤ ቀጥቃጭነትም አይደለም። ስካርቦሮ ውስጥ ከመጋዘኖች ጀርባ አሥራ አንድ ሰው የሚሠራበት ትንሽ ቤት ነው። እንደ እስክሪብቶ የቀጠኑ የማይዝግ ብረት ቱቦዎች ይመጡልናል። እኔ አጥባለሁ። በሚንቀጠቀጥ ገንዳ በመድኃኒት ተነክረው ዘይታቸው ይወጣል፤ ከዚያ በተጣራ ውኃ ሦስት ጊዜ ይለቀለቃሉ። ከሦስተኛው ውኃ በኋላ በባዶ እጅ አይነኩም። የጣት አሻራ ያበላሻቸዋል።

ከዚያ ወዲያ የኤደን ሥራ ነው። ትደረድራቸዋለች፣ ምድጃ ውስጥ ታስገባቸዋለች፣ በሩን ጥርቅም አድርጋ ትዘጋና አየሩን በፓምፕ ታስወጣዋለች። ምድጃው አራት መቶ ዲግሪ ሲደርስ ጋዝ ትለቅበታለች። ጋዙ የጋለውን ብረት ሲነካ ይፈርሳል። ሲሊከን የሚሉት ነገር ብረቱ ላይ ይቀራል፤ ሌላው በጭስ ማውጫው ይሄዳል። የሚቀረው ሽፋን አንድ ፀጉር ለሁለት መቶ ቢሰነጠቅ እንደ አንዷ ስንጣቂ ነው። እንዲያም ሆኖ ይታያል። እንደ ውፍረቱ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፣ ሰማያዊ ይሆናል፤ ቀለም ግን ማንም አልቀባውም። ጥቅሙን ካልከኝ፣ ባዶ ብረት በውስጡ ከሚያልፈው ጋዝ ጥቂቱን እየያዘ ስለሚያስቀር፣ ጋዙን የሚመረምሩት ሰዎች ድኝ እያለበት የለበትም ይላሉ። የተሸፈነው የገባውን ሁሉ ያስወጣል።

ልጅህ በዚህ ሥራ ጎበዝ ናት። ሰኔ ላይ ዓመት ይሞላታል። ያኔ ባለቤቱ የምስክር ደብዳቤ ይጽፍላትና የመኖሪያ ወረቀቷን ትጠይቃለች። ዓመት ካልሞላ አይቀበሉም። የቀራት ሁለት ወር ተኩል ነው። ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ አታስቡ።

ቦጋለች


ኮምቦልቻ፣ ግንቦት 6 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለእትዬ ቦጋለች

በዓሉ በሰላም እንዳለፈልዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በቸርነቱ ደህና ነን። ተሻለች እጅ ትነሣለች።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የብረቱን ነገር ከእኔ ጋር ጥገና ክፍል ለነበረው ለአስማማው ብነግረው፣ "ጋዝ ይፈርሳል ነው ያልከኝ? የፈረሰ ነገር እንዴት ይለጠፋል? እኅትህ አርጅታለች" አለኝ። "አንተ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ብሎን በትክክል አጥብቀህ አታውቅም፤ ስለ ማጣበቅ አትናገር" ብዬ ዘጋሁት። እስካሁን አኩርፎኛል።

እትዬ፣ ኤደን በየወሩ መጀመሪያ ትጽፍልን ነበር። ከፋሲካ ወዲህ አልጻፈችም። ተሻለች ሕልም አየሁ ትላለች። እኔ በሕልም አላምንም፤ ፖስታ ቤት ግን በየሁለት ቀኑ እሄዳለሁ። ሥራ በዝቶባት ከሆነ፣ ሥራ በዝቶባት ነው ይበሉኝ። ይበቃኛል።

ታናሽዎ ክፍሌ


ቶሮንቶ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለክፍሌ

ክረምቱን በደህና ያውጣችሁ፤ ለምድሩም በልክ ያዝንብላችሁ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ወር አልፎታል። እጄን አሞኝ ነበር።

ኤደን ደህና ናት። ሥራ በዝቶባት ነው።

እዚህ አገር ኑሮው ቀዝቅዟል። ከአሥራ አንዳችን ሰባት ቀርተናል። ድሮ ምድጃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሠራ ነበር፤ አሁን ሦስት ቀን ሳይከፈት ይውላል። እኔ ግን ገንዳውን በየቀኑ አጥባለሁ። ባለቤቱ ስታቭሮስ "ቦጋለች፣ ንጹሕ ነገር ለምን ታጥቢያለሽ?" ይለኛል። ማጠቤን እቀጥላለሁ። ቁጭ ብዬ ካየኝ ሥራ የለም ብሎ ያስብ የለ።

አስማማውን፣ ጋዙ የሚለጠፈው ስለፈረሰ ነው በለው። ሳይፈርስ እንደመጣ ይሄዳል። ብረቱ ግን ፍጹም ንጹሕ መሆን አለበት። ቆሻሻ ላይ ያረፈው ሽፋን ለጊዜው ያለ ይመስላል እንጂ ይለቃል።

ኤደን ቤት ቀይራለች። አድራሻዋን ራሷ ትጽፍልሃለች። ስለ ወረቀቷ አልጠየቅህም፤ ደግ አደረግህ። የመንግሥት ነገር ጊዜ ይወስዳል። ልጅቱ ደህና ናት።

ቦጋለች


ኮምቦልቻ፣ ነሐሴ 27 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለእትዬ ቦጋለች

ለአዲሱ ዓመት በሰላም ያድርስዎ። ከኤደን ደብዳቤ ደረሰን። የተጻፈው ሃሚልተን ከሚባል ከተማ ነው። አንዱን አንቀጽ እንዳለ ልገልብጥልዎ፦

"አባዬ፣ ከብረቱ ሥራ ከሚያዝያ ጀምሮ የለሁም። አሥር ወር ሠርቼ ነው የወጣሁት። አሁን ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ። ይሄኛው ሥራ ለወረቀቱ አይቆጠርልኝም፤ የሚቆጠረውን ሥራ ደግሞ አፕላይ ሳደርግ ቀድሞ የነበርሽበት ቤት ለምን አሰናበተሽ ይሉኛል። የሥራ ፈቃዴ ገና ሁለት ዓመት አለው፤ ከዚያ ወዲያ ግን መመለስ ነው። ለምን እንደተሰናበትኩ አክስቴን ጠይቃት። እኔ ብነግርህ በሷ ላይ ያወራሁ ይመስላል።"

እትዬ፣ እርስዎ በሐምሌ "ሥራ በዝቶባት ነው" ብለው ጽፈውልኛል። በቁጣ አይደለም የምጽፈው። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አስቀምጬ ነው ያየሁት። ተሻለች አልሰማችም፤ አንቀጹን ዘልዬ ነው ያነበብኩላት።

የሆነውን ይጻፉልኝ።

ክፍሌ


ቶሮንቶ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለክፍሌ

ሰላም ለቤትህ። ሌላውን ሰላምታ እስከ መጨረሻው ካነበብክ በኋላ፣ ከፈለግህ አንተ ሙላበት።

በሥራ ቤታችን ሕግ አለ። ገንዳው ክፍል የሚገባ ሰው ሎሽን፣ የፀጉር ዘይት፣ ምንም ቅባት አይነካም። ግድግዳው ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ኤደን በአማርኛ ጽፋ ከሥሩ ለጥፋልኛለች። ስለዚህ አላነበብኩም ማለት አልችልም።

የፋሲካ ዕለት የተሻለችን ለጋ ቅቤ አናቴ ላይ አደረግሁ። ሃምሳ አምስት ቀን ጾሜ፣ ራሴን ሲፈልጠኝ ከርሞ። በዓሌን የማንንም ፈቃድ ጠይቄ አላከብርም አልኩ። ሰኞ ጠዋት ታጠብኩት፤ ለጋ ቅቤ ደግሞ ባንድ ሳሙና አይለቅም። አውቶቡስ ውስጥ ኤደን አጠገቤ ተቀምጣ፣

"አክስቴ፣ ቅቤ ቅቤ ትሸቻለሽ። ዛሬ ሲክ ኮል አድርጊ፤ አሞኛል ብለሽ ቅሪ" አለችኝ።

"ያመመው ሰው የለም።"

"እሺ፣ ከሦስተኛው ውኃ እኔ አወጣዋለሁ። አንቺ አትንኪ።"

"እኔን ስታስተምሪ ደስ ይልሻል፣ አይደል?" አልኳት። ወደ መስኮቱ ዞረች።

ስታቭሮስ ግሪክ ነው። የእነሱም ፋሲካ በዚያው ቀን ነበር፤ ለሁላችንም ቀይ እንቁላል ይዞ መጣ። ኤደን ምድጃው ጋ ነበረች። ገንዳው ክፍል ይሞቃል። ከላስቲክ ቆቤ ሥር ቅቤው ወደ ጆሮዬ ጀርባ ወረደ። በጓንቴ ጠረግሁት። ጓንቱን መቀየር ነበረብኝ። አዲስ ጓንት እጄ የሚደርስበት ቦታ ነበር። አልቀየርኩም። ኤደንን መጥራት ነበረብኝ። አልጠራሁም። አርባ ስምንት ቱቦ በዚያ እጅ ከሦስተኛው ውኃ አወጣሁና ለመደርደር አቀረብኩላት።

በማግሥቱ ምድጃው ሲከፈት ቱቦዎቹ ሰማያዊ ነበሩ፤ በየመሐላቸው ግን ጣት የሚያህል የፈዘዘ ቦታ አለ። ስታቭሮስ ፕላስተር ለጥፎ ሲያነሣው ሽፋኑ እንደ ሽንኩርት ቆዳ ተነሥቶ መጣ። አንድ ቱቦ፣ ሁለት ቱቦ፣ አሥር ቱቦ። ከዚያ መሞከሩን ተወ።

ለእያንዳንዱ ዙር የሚሞላ ቅጽ አለ። ማን አጠበ፣ ማን ደረደረ፣ ስንት ደቂቃ። በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ሞልቼው አላውቅም። ድሮ አንዲት የፊሊፒንስ ሴት ትሞላልኝ ነበር፤ ኤደን ስትመጣ ኤደን። ሁለቱም ቦታ ላይ የራሷን ስም ትጽፋለች። "ስምሽን እንኳ ላስለምድሽ፤ ጥቂት ፊደል ነው እኮ" ስትለኝ፣ "ማይምነት አንድ ጊዜ ይበቃል። በእርጅናዬ በሌላ ፊደል እንደገና ማይም አልሆንም" እላት ነበር። ትስቃለች። ትሞላለች።

ስታቭሮስ ቅጹን ይዞ መጣና "ኤደን፣ አንቺ ነሽ ያጠብሽው?" አላት።

ኤደን እኔን አየችኝ። እኔ የገንዳውን ክዳን እየወለወልኩ ነበር። ክዳኑ ንጹሕ ነበር።

"ፊርማው የኔ ነው" አለችው።

አልዋሸችም። በዚያ ሰሞን ከሁለታችን አንዳችንን ሊቀንስ እንዳሰበ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ማሰብ አላስፈለገውም። በዚያው ቀን አሰናበታት። ቤት ሳምንት ቆየች። ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልጠየቀችኝም። ስምንተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ሻንጣዋ የለም፤ ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ሥራዬን ፈርቼ ነው ብልህ ታምነኝና ታዝንልኝ ነበር። አይደለም። "እኔ ነኝ" ብል ስታቭሮስ "ታዲያ ስምሽ ለምን የለም?" ይላል። የፈራሁት ያንን ጥያቄ ነው። በአባትህ ቤት ካደግሁበት ጊዜ ጀምሮ ነው የፈራሁት። አንተ ትምህርት ቤት ስትገባ እኔ እንጨት ተሸክሜ ገበያ ወጣሁ፤ አንተም በእንጨቱ ደብተር ያዝክ። ስትመለስ ደብተርህን ከእኔ ደብቀህ ታስቀምጥ ነበር፤ በቆሸሸ እጄ እንዳልነካው። ስምንት ዓመትህ ነበር። አልቀየምኩህም ብዬ ኖሬአለሁ።

ይህን ለምክንያት አልጻፍኩትም። የሆነውን ጻፊ ስላልክ ነው።

ቦጋለች


ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ቦጋለች

ጤና ይስጥልኝ።

የጻፉት ደርሶኛል። ለተሻለች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ተነሥታ የታጠበ ልብስ ልትሰበስብ ወጣች።

ስለ ልጅነታችን የጻፉት እውነት ነው። ደብተሩን እደብቅ ነበር። አባቴን ልከራከርለት አልችልም፤ ራሴንም እንደዚያው። ነገር ግን ኤደን አባቴን አታውቀውም። ስትወለድ ከሞተ ቆይቷል።

አንድ ነገር ብቻ እጠይቅዎታለሁ። ይህን የነገሩት ለእኔ ብቻ ነው ወይስ ለሥራው ባለቤትም ነግረውታል? ለእኔ መንገሩ ለልጄ አንድ ቀን አይጨምርላትም። እሱ ቢሰማ ግን የጎደላትን ሁለት ወር ሊሰጣት ይችላል።

ክፍሌ


ቶሮንቶ፣ የካቲት 14 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለክፍሌ

ለአንተም ለተሻለችም ጤና እመኛለሁ።

ነገርኩት። ቋንቋዬ ለዚህ አይበቃም ብዬ፣ ዳንፎርዝ መንገድ ሱቅ የምትሠራ ብርቅዬ የምትባል ጎረቤቴን ይዤ ሄድኩ። ጥር መባቻ ነው። መንገድ ላይ "ዘጠኝ ወር የቆየ ነገር ምን ያደርግልሻል፣ ተይው" ስትለኝ ነበር። ደጁ ስንደርስ ደግሞ "ዝም ብለሽ አልቅሺ፤ ፈረንጅ ልቅሶ አይወድም፣ ቶሎ ይለቅሻል" አለችኝ። አላለቀስኩም። አልመጣልኝም።

ስታቭሮስ ሰማና "ቅቤ? የሚበላው ቅቤ?" አለ።

"የሚበላውም የሚቀባውም" አልኩት።

"አያቴ የወይራ ዘይት ትቀባ ነበር" ብሎ ሳቀ። ብርቅዬ ጎኔን ነካ አድርጋ "ሳቀ፤ አለቀ" አለችኝ።

አላለቀም። ቅጹን ከመሳቢያ አወጣ። ይዞት ኖሯል። ጣቱን አስቀምጦ "ስምሽ ለምን እዚህ የለም?" አለኝ። ብርቅዬ ምን ልበለው በሚል ዓይን አየችኝ። እንደማልጽፍ እሷም አታውቅም ነበር።

"በእንግሊዝኛ መጻፍ አልችልም በይው" አልኩ።

ነገረችው። ስታቭሮስ አንድ ነገር አላት። "ምን አለ?" አልኳት።

"ብትነግሪኝ ኖሮ፣ በስምሽ ቦታ ነጥብ አድርጊ እልሽ ነበር ነው የሚለው።"

ይኸው ነው። ስድሳ ዓመት የፈራሁት ጥያቄ መልሱ ይሄ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። የሚሰማኝ መስሎኝ ቆሜ ጠበቅሁ።

ከዚያ፣ ቅቤውን እተወዋለሁ፣ ዘጠኝ ወር መደበቅሽን ግን አልችልም ብሎ አሰናበተኝ። መብቱ ነው። በኤደን ቦታ የቀጠራት ልጅ ምድጃውን እያበላሸችበት ስለነበረ እዚያው ፊታችን ለኤደን ደወለ። ከእኔ የሰማውን ነገራት። እሷ የመለሰችው ምን እንደሆነ አልሰማሁም፤ ረጅም ግን አልነበረም። ጥር ማለቂያ ላይ ሥራዋን ጀምራለች። አሥሩ ወር ይቆጠርላታል፤ የጎደላትን ሠርታ ስትጨርስ ደብዳቤውን ይጽፍላታል። በጽሑፍ አረጋግጦላታል። እኔ አላየሁትም፤ ብርቅዬ ናት ያነበበችው።

የመጨረሻ ቀኔና የእሷ የመጀመሪያ ቀን አንድ ነበር። ገንዳውን ለማን እንደማስረክብ ሳልጠይቅ እሷ መጣች። ጠጋ አልኳት። ሁልጊዜ አንቺ ስትለኝ የኖረች ልጅ፣

"ይቀመጡ፣ አይቁሙ" አለችኝ። ወንበርም ሳበችልኝ።

ተቀመጥኩ። ቱቦዎቹን ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ውኃ ስታጥብ አየኋት። ከእኔ ይልቅ ቀስ ትላለች። ስትጨርስ ቅጹ ላይ ስሟን ጻፈች። አውቶቡሴ እስኪደርስ ተቀምጬ ሄድኩ።

አሁን የምትኖረው እዚሁ ስካርቦሮ ነው፤ ከሴት ጓደኛዋ ጋር። ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን። ሰው ፊት ሦስት ጊዜ ትስመኛለች። ከእንግዲህ ስለ ልጅህ እሷኑ ጠይቃት። ከእኔ የምትሰማው አይኖርም።

ቦጋለች


ኮምቦልቻ፣ ጥር 12 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ቦጋለች

ጤናዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። ሳልጽፍልዎ ዓመት አልፎታል። የምጽፈው ስላልነበረኝ ነው።

ኤደን የመኖሪያ ወረቀቷ እንደደረሳት በጥቅምት መጀመሪያ ጽፋልናለች። ተሻለች ለማርያም የተሳለችውን አግብታለች። አስማማው እንኳ መጥቶ "የፈረሰው ጋዝ ተለጠፈ ማለት ነው?" ብሎ ሲያስቀን አመሸ።

እዚያው አንድ ሠፈር ስለሆናችሁ ሰምተው ይሆናል ብዬ ነበር። ነግራዎት እንደሆነ ብጠይቃት፣ ስለዚያ ምንም ሳትመልስ ሌላ ወሬ ጻፈችልኝ። ስለዚህ እኔ ልንገርዎ ብዬ ነው። የነገሩት ነገር ረድቷታል። ይህን መካድ አልፈልግም።

ክፍሌ


ቶሮንቶ፣ የካቲት 20 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለክፍሌ

ለእናንተ የደረሰው ደስታ ለቤታችሁ የማያልቅ ይሁን።

አልሰማሁም ነበር። ከእኔ ቤት እሷ ቤት በአውቶቡስ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ወሬው ኮምቦልቻ ደርሶ መጣልኝ። ባለፈው እሑድም ሳመችኝ፤ ጉልበቴን ጠየቀችኝ፤ ደህና ነው አልኳት።

እኔ ሄጄ እንኳን ደስ ያለሽ ብላት ማን ነገረሽ ማለቷ ነው። እዚያ አልገባም። ስትጽፍላት፣ ቦጋለች ሰምታለች በላት።

ቦጋለች